ቢጫው የቁልፍ መያዣ

ባለቤቴ ጸበል የወረደው ሕመሙን ከጎረቤት ደብቆ ነው። ደብረ ማርቆስ ላሉት ሁሉ «ለእህል ንግድ ደምበጫ ሰንብቷል» እያልሁ፣ እኔም ሰበብ ፈጥሬ ተከተልሁት። ከደብረ ወርቅ በእግር በሚወረድበት ሸለቆ ውስጥ፣ ላስቲክ በለበሰች ጎጆ አብረን ከረምን። እዚያ ያለው ሰው አብዛኛው እንደ እኛ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይናገርም፣ ሲሻለው ወይም ሲብስበት ሳይሰናበት ይሄዳል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ባለቤቴ ቢጫ የፕላስቲክ ቁልፍ መያዣ በጣቱ ሲያሽከረክር አገኘሁት።

«ከየት አመጣኸው?»

«የጤና ሰዎች መጥተው ላገኙት ሁሉ ሰጡ። በር ሳይሰጡን ቁልፍ መያዣ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ሳል ሆነበት። ኋላ ምርኩዙ ላይ አሰረው።

ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ማርቆስ ወስደን ቀበርነው። ከዚያ ጸበል የሚወጣ ሰው የተገለገለበትን ዕቃ ለሚመጣው መተው ልማድ ነው፤ እኔም ጀሪካኑን፣ ሰሌኑን፣ ምርኩዙንም እንዳለ ትቼ ነበር የወጣሁት።

ለቅሶው ጋብ ሲል ለጸበሉ ሰዎች በስሙ ዳቦ ይዤ ወረድሁ። ጎጆአችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ደጃፉ ላይ ስልክ የያዘች ወጣት የጤና ባለሙያ ትጠይቃቸዋለች።

«አባባ፣ ይህን የመሰለ ቁልፍ መያዣ አለዎት?»

ሽማግሌው ምርኩዙን ከፍ አደረጉ። «ይኸውና! ዓይንሽ አያይም እንዴ?»

ልጅቷ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ ባለቤቴ ተጠርቶ «አቤት» ያለ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው የምትጠይቂያቸው?»

«እዚህ ስንት ሰው እንዳለ ለማወቅ ነው፣ እትዬ። ሰዉ ስለሚደበቅ አንድ በአንድ መቁጠር አልተቻለም። ባለፈው ላገኘናቸው ይህን ቁልፍ መያዣ ምልክት እንዲሆን ሰጠን። አሁን ከምናገኛቸው አብዛኞቹ ምልክቱ ካላቸው ያኔ ያመለጠን ሰው ጥቂት ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ካላቸው ግን ያላየነው ብዙ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱም የሚመጣው በዚያው ልክ ነው።»

አልገባኝም። አስደገምኋት። ሲገባኝ ደግሞ ባልገባኝ አልሁ። ዝም ብል ባለቤቴ በሽማግሌው እጅ እንዳለ ይቆጠራል፤ ለማያውቋቸው ሰዎች ግን መድኃኒቱ ያጥራል።

«የእሳቸው አይደለም፤ የባለቤቴ ነው። ሞቷል» አልሁ።

ልጅቷ ደነገጠች። «አባባ፣ ማን ሰጠዎት?»

«ከምርኩዙ ጋር ነው ያገኘሁት። የቦታው በረከት መስሎኝ! እዚያ ማዶ ያሉትም ከወጡት ሰዎች ነው የወረሱት።»

«ወይ ጉድ!» አለች ልጅቷ፤ ጭንቅላቷን ይዛ ሳቀች። ሁሉንም እንደ አዲስ፣ ከማን እጅ እንደተቀበሉት እየጠየቀች ልትዞር ተነሣች።

«ባለቤቴስ የት ይገባል?» አልኋት።

«መጀመሪያ ተቆጥረዋል። አሁን ግን… አሠራሩ በሁለቱ ቆጠራ መሀል የሄደ ሰው የለም ብሎ ነው የሚነሣው፣ እትዬ።»

«አለ ነው ወይስ የለም?»

«እሱን እኔም አለቆቼን መጠየቅ አለብኝ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሽማግሌው ቁልፍ መያዣውን ከምርኩዙ ፈትተው በመዳፌ አኖሩት። «እንኪ ልጄ፣ እኔም በር የለኝ።»

«ሌላ ጊዜ ስንመጣ እዚህ እንዳያሳዩን ብቻ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ።

አሁን የማርቆስ ቤቴ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። በሩን በከፈትሁ ቁጥር ያንን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ልጅቷም እስካሁን መልሱን አላመጣችልኝም።