የየኔታ ወልደሩፋኤል ቀለም

የኔታ ወልደሩፋኤል በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአጅባር ገበያ በሰፈራ መኪና ተጭነው ወደ ወለጋ ሄዱ ከተባለ ወዲህ፣ ባለቤታቸው እትዬ አሰጋሽ ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው አያውቁም። እሱ ሲመጣ እቀባለሁ ይላሉ። ወሬያቸው እንኳ አልመጣም። የቀረው ጽፈውት መሐል ላይ የቆመ የብራና ዳዊትና ቀንድ ውስጥ የደረቀ ቀለም ነው።

ቁም ጽሕፈት ያስተማሩኝ የኔታ ስለሆኑ ዳዊቱን እንድጨርስ እትዬ አሰጋሽ ለመኑኝ። ልመናቸው አንድ ነበር፦ «የሱ እጅ የት ላይ እንደቆመ እንዳይታወቅብኝ።»

ጥላሸቱን፣ የተቆላውን ገብስ፣ ሙጫውን እንደተማርኩት አዋሕጄ ወራት አሸሁት። ብዕሬ ግን ብራናው ላይ ይንጫጫል፣ ቀለሙም ይንጠባጠባል። እኔም ግትር ነኝ፤ እየደፋሁ እንደገና ጀመርኩ።

ልጃቸው አካሉ ጀርመን አገር ኬሚስትሪ ይማር ነበር። ለዕረፍት መካነ ሰላም ሲመጣ ቀንዱ ውስጥ ከደረቀው ቀለም ትንሽ ፍቆ ወሰደ። እዚያ ድብልቅን አትንኖና ሰባብሮ እያንዳንዱን ስባሪ በክብደቱ የሚለይ መሣሪያ አለ፤ ምን ከምን እንደተቀላቀለ ከዚያ ይታወቃል አለን። የኔታን ማሽን ውስጥ ሊከታቸው ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩ። እትዬ አሰጋሽ ግን የባላቸውን ወሬ እንዲያመጣ የላኩት ይመስል መንገድ መንገዱን እያዩ ከረሙ።

አካሉ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ የተገኘውን ነገረን። ጥላሸት፣ ገብስ፣ ሙጫ፤ ይህን አውቀዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን ቅቤና የአደስ ዘይት ወጥቷል። ቅቤ ቀለም ውስጥ ምን ይሠራል ብሎ ራሱም ግራ ገብቶታል።

እትዬ አሰጋሽ ሻሻቸውን ዳበሱ።

«ብዕር በቀረጸ ቁጥር ፀጉሬ ውስጥ ያሳልፈው ነበር» አሉ። «እንዲንሸራተትልኝ ነው ይለኛል። እኔ ሊዳብሰኝ ሰበብ የፈለገ ይመስለኝ ነበር።»

እኔም ትዝ አለኝ። ባልና ሚስት ሲጫወቱ አያለሁ ብዬ፣ አፍሬ ፊቴን አዞር ነበር። ትልቁ ሙያ ለካ ያመለጠኝ እዚያ ላይ ነው።

አካሉ ከገበያ ቅቤ ገዝቶ ቀለሙ ላይ ጠብ ሊያደርግ ፈለገ፤ እናቱ እንቢ አሉ። በማግሥቱ ብራናው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ አደስ ሸተተኝ። ቀና ስል እትዬ አሰጋሽ ሻሻቸውን ፈትተው፣ ፀጉራቸው ወዝቶ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ብዕሬን ተቀብለው ሽበታቸው ውስጥ አሳለፉና መለሱልኝ።

«ሳይመጣ ተቀባሁ» አሉ።