ግድግዳችን ላይ የነበረው ጋላክሲ

በነፋስ ስልክ ስለ ሰማይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ! ማንም አላስተማረኝም። ዛሬ ጎፋ አጥር ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉ ሰዎች ያፈሉት የዱቄት ሙጫ ሸተተኝና የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ።

ለፋሲካ የጭቃ ግድግዳችንን በአዲስ ጋዜጣ ስንለብጥ፣ አክስቴ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ከመጽሔት ተቀዶ የተለጠፈውን የጠመዝማዛ ጋላክሲ ሥዕል ልትሸፍን መጣች። ግድግዳውን አቅፌ ቆምኩ።

«ዞር በል አንተ! ይኼ የተማሰለ አጥሚት ምን ያደርግልሃል?»

«ኮከቦች ናቸው እትዬ፤ ከሥሩ ተጽፏል!»

«ታዲያ ሰማይ ላይ አሉልህ አይደል? እኔ የምለጥፈው ግድግዳ ነው!»

ሙጫውን ጀርባዬ ላይ ለቀለቀችው። አልተነቃነቅኩም። ዙሪያዬን ለጥፋ ሄደች።

ዛሬ የጋላክሲው ክንዶች አዳዲስ ኮከቦች እንደሚወለዱባቸው፣ መሃሉ በአሮጌ ኮከቦች እንደቀላ፣ ብርሃኑም ሚሊዮን ዓመታት ተጉዞ እንደሚደርሰን አውቃለሁ። ስለ ሰማይ የተጻፈውን ለማንበብ እንግሊዝኛ ራሴ ተማርኩ፤ ኮከቦቹን አቅርቤ የማይበትን መነጽር በእጄ ሠራሁ፤ ያን ሥዕል ደግሞ በዚያ ፋሲካ አላስነካሁም።