«ደራሽ መጣ!» ብዬ ስጮህ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ የካልጋሪ በጋ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ሚስቴንና ልጄን በገዛ አፌ ልጨርሳቸው ትንሽ ስለቀረኝ ነው።

በዚያ ሰሞን ሬዲዮው ከሜክሲኮ በኩል ስለተነሳ ሐሪኬን ያወራ ነበር። ከባህሩ ወጥቶ ወደ መሀል አገር እየገባ ነው፣ ጉልበቱ ቢደክምም የተረፈው ዝናብ ከእኛ በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ላይ ይወርዳል አሉ። እኔ ዴሊቨሪ ስነዳ ስለምውል ሬዲዮ የምከፍተው ለትራፊክ ወሬ ነው። ካልጋሪና ባህር ምን አገናኛቸው ብዬ ረሳሁት።

ቅዳሜ ሺፍት አልነበረኝም። ባለቤቴ ሐያት፣ «ሰመሩ ከሰፈራችን ከቴምፕል ሳንወጣ አለቀ እኮ! ዛሬ ማውንቴን ውሰደን» አለችኝ። ትንሿን ልጃችንን አሚራን ይዘን ወጣን።

ከዋናው መንገድ ተገንጥለን በጠጠር መንገድ ስንሄድ አንድ ወንዝ አገኘን። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ዳሩ ሰፊ ደረቅ ጠጠር ነው። ሐያት፣ «እዚያው ወርደህ ፓርክ አድርገው፣ ይሄን ሁሉ ዕቃ ተሸክሜ አልወርድም» አለች። እኔም ሹፌርነቴን ላሳይ ብዬ ወረድኩ። በላን፤ አሚራም ውሃው ውስጥ ድንጋይ ስትወረውር ዋለች። እኛ ያለንበት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከተራሮቹ ጀርባ ግን ጥቁር ደመና ተከምሮ ነበር። አየሁት፣ ግን ፊቴን ወደ አሚራ መለስኩ።

ልንመለስ ስንል ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ሰመጠ። ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር ይብስ ገባ። ስልካችን ደግሞ ሲግናል የለውም። አሚራ ደክሟት ከኋላ ወንበር ላይ ቀበቶዋን እንዳሰረች እንቅልፍ ወስዷታል።

«እናንተ እዚህ ቆዩ፤ መንገዱ ላይ ወጥቼ ደራሽ ፈልጌ እመጣለሁ» አልኳት።

«ሰው ካገኘህ ከላይ ጥራኝ። እኔ መሪ እይዛለሁ፣ እናንተ ፑሽ ታደርጋላችሁ» አለችኝ።

ዳገቱን ወጥቼ መንገዱ ላይ ስደርስ የከባድ መኪና ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ዞር ብዬ ባይ መንገዱ ባዶ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከወንዙ ነበር። ከላይ በኩል፣ ከመታጠፊያው፣ ግንድና ቅርንጫፍ የሚገፋ ቡናማ ውሃ ብቅ አለ።

ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። እኛ ጋ፣ ላይ አገር ዘንቦ ድንገት የሚመጣውን ውሃ ደራሽ እንለዋለን። ቦርከና ወንዝ ዳር የሚጫወት ልጅ ያንን ቃል ከሰማ ይሮጣል እንጂ ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። እኔም ባለ በሌለ ድምፄ፣ «ደራሽ! ሐያት፣ ደራሽ መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ሐያት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ለእሷ ደራሽ ማለት ለተቸገረ ሰው የሚደርስ ነው። ደግሞስ ደራሽ ፈልጌ እመጣለሁ ብያት አይደል የሄድኩት? እየሳቀች እጇን አውለበለበችልኝ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና ሞተሩን አስነሳች።

ምን እንደተረዳች ሲገባኝ ቁልቁል ሮጥኩ። አሁንም «ደራሽ! ደራሽ!» እያልኩ ነው፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝ አለ። ወደቅኩ፣ ተነሳሁ። እሷ መሪዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። አጠገቧ ደርሼ መስኮቱን በጡጫዬ ስደበድብ መስታወቱን ዝቅ አደረገችና፣ «ሰዎቹስ?» አለችኝ።

«ውሃ! ውሃ ነው!» አልኳት።

የኋላውን በር ከፍቼ የአሚራን ቀበቶ ልፈታ ብል ቁልፉ እምቢ አለኝ። ሐያት ቀና ብላ ውሃውን ስታየው ጮኸች፤ ወዲያው ከፊት ወንበር ተንጠራርታ ቀበቶውን ፈታችው። ልጅቷን ታቅፌ፣ ሐያትን በእጄ እየጎተትኩ ዳገቱን ስንጀምር ውሃው ጫማችን ውስጥ ገብቶ ነበር። ላይ ደርሰን ዞር ስንል መኪናው መብራቱ እንደበራ በጎኑ ተንሸራተተና ከዓይናችን ጠፋ። አሚራ ነቅታ፣ «ዳዲ፣ መኪናችን የት ሄደ?» አለች። ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን።

በሳምንቱ ጎረቤት ሰፈር ፓይንሪጅ የሚኖሩት የአገራችን ሰው እትዬ ዘይነባ ሊጠይቁን መጡ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው፣ «አላህ ደራሽ አያሳጣችሁ፣ ልጆቼ» ብለው መረቁን። እኔና ሐያት ተያየን። አሚን ያለችው አሚራ ብቻ ናት።

ዛሬም ወደ ምዕራብ ስነዳ ተራሮቹ ላይ ደመና ካየሁ ሬዲዮውን ከፍቼ የአየር ሁኔታ እሰማለሁ። ውሃውንስ እየረሳሁት ነው። በእንቅልፌ እየመጣ የሚያባንነኝ የሐያት እጅ ነው፤ ደራሽ መጣልኝ ብላ ደስ ብሏት ስታውለበልብልኝ።