በእህል መጋዘን ውስጥ የተደመጠ ልብ

ዳባት መውጫ ላይ ቦርሳዬን የፈተሸው ወታደር መጀመሪያ ጓንት አወጣ፤ ቀጥሎ መቀስ፤ ቀጥሎ ዶፕለሩን። ዶፕለር የምንለው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ጫፉን ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ሲያሳርፉት የፅንሱን የልብ ምት በድምፅ ማጉያ ያሰማል። ወታደሩ ቁልፉን ተጫነው። ሆድ ላይ ሳይሆን አየር ላይ ነዋ ያለው፣ ሽሽሽሽ አለ።

"ሬድዮ ይዛለች!" ብሎ ጮኸ።

ከሚኒባሱ የወረዱት ተሳፋሪዎች ሁሉ ከእኔ ራቅ ራቅ አሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ቆሎ ስታካፍለኝ የመጣችው ሴት እንኳ ፊቷን አዞረች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን አዞር ነበር።

"የፅንስ ልብ ማዳመጫ ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ" አልኩ። አልሰሜን ግባ በለው።

ደባርቅ ወስደው ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። መሀሉን በብሎኬት ከፍለው ወንዶቹን ወዲያ፣ ሴቶቹን ወዲህ አድርገዋል። ብሎኬቱ ጣሪያውን ስለማይነካ የወንዶቹ ሳል፣ ጸሎትና ጭቅጭቅ በላይ በኩል ይመጣል። ወለሉ ላይ የቀረው የገብስ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ከጀርባችን ወፍጮ ቤት ነበር። መብራት ከጠፋ ሰንብቷልና የሚፈጨው በናፍጣ ሞተር ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ዱግ ዱግ ዱግ ሲል ግድግዳውም ጥርሴም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በሴቶቹ በኩል የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ስምንት ወሯን ጨርሳለች። ወታደሮቹ የመጡት ባሏን ፍለጋ ነበር፤ እሱን ሲያጡት እሷን ይዘው ሄዱ። "ባልሽ ሲመጣ ትወጫለሽ" ብለዋታል። ሙያዬን ስነግራት እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሲስተር፣ አላህ ነው የላከሽ።"

"ኧረ የላኩኝስ ሌሎች ናቸው" አልኳት።

ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። "ከትናንት ማታ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። እዚህ ቀኝ ጎኔ ላይ ነበር የሚራገጠው፤ ብቆጣው እንኳ አይተወኝም ነበር። አሁን ዝም ብሏል።"

ፈራሁ። ፊቴ ላይ እንዳይታይ ቀና ሳልል "እስቲ ተጋደሚ" አልኳት።

እኛ ስንማር ዶፕለር የሚባል ነገር አላየንም። አስተማሪያችን የሰጠችን ከእንጨት የተቀረጸ ቀንድ ነበር፤ አንዱ ጫፍ ሆድ ላይ፣ ሌላው ጆሮ ላይ። አንድ ቀን "ቀንዱ ቢጠፋብንስ?" ብዬ ብጠይቃት "ምነው፣ ጆሮሽን ሸጥሽው?" አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እና ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ያልሸጥኩትን ጆሮዬን ይዤ ተንበረከክሁ። በእጄ የልጁን ጀርባ ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ በቀጭኑ ቀሚሷ ላይ ጆሮዬን ለጠፍሁ።

የሰማሁት ወፍጮውን ነው። ሞተሩ በወለሉ ገብቶ በአጥንቷ አልፎ ሆዷ ውስጥ ይመታል። ደጋግሜ ቦታ ቀየርሁ። አንዴ አገኘሁት ብዬ ልቤ ዘለለ፤ ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል ያው ሞተሩ ነው። ጆሮ አጥብቆ የሚመኘው ነገር ሲኖር ይዋሻል። ስለዚህ ምንም አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝ። ወፍጮው ለምሳ እስኪያርፍ ጠበቅን።

ሞተሩ ሲቆም ደግሞ የወንዶቹ ጫጫታ ጎላ። ብሎኬቱን በመዳፌ መታሁ።

"ወንድሞቼ! እባካችሁ!"

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አሉ አንድ ሽማግሌ። በጸሎታቸው ድምፃቸውን ለይቼዋለሁ፤ ቄስ ናቸው።

"አባ፣ እዚህ ነፍሰ ጡር አለች። የልጁን ልብ ላዳምጥ ነበር፤ ድምፅ በዛብኝ።"

"ሰምታችኋል" አሉ እሳቸው ወደ ሰዎቹ ዞረው መሰለኝ። "ሕፃን ሊደመጥ ነው። የሚያስለውም በጋቢው አፉን ይያዝ።"

ያን ያህል ሰው እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ሳይቀር የስልኩን ዘፈን ዘጋ። ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ርግቦች ብቻ ሲያጉረመርሙ ይሰማል።

እንደገና ጆሮዬን አስጠጋሁ። የእናትየውን ምት ከልጁ እንዳልቀላቅል የእጇን አንጓ ያዝሁ። መጀመሪያ አንጀቷ ተንጎራጎረ። ቀጥሎ የራሷ ደም፣ ከአንጓዋ ጋር እኩል፣ ሹ ሹ ይላል። ቆየሁ። ከዚያ ሥር፣ ከሩቅ፣ ሌላ ምት ነበር።

የደኅና ልጅ ልብ እንደ ፈረስ ይጋልባል፤ እናቱን እጥፍ ሊቀድማት ምንም አይቀረው። ይኼኛው ግን ከእናቱ ብዙም አይቀድምም ነበር። አለ፤ ነገር ግን ደክሟል።

"አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"ደኅና ነው?"

"አሁኑኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ።"

ከማዶ "አገኘሽው ልጄ?" አሉ አባ። "አገኘሁት፤ ግን አልወደድሁትም" አልኳቸው። እኔ ቆርቆሮውን በር በጫማዬ መደብደብ ጀመርሁ።

የወታደሮቹ አለቃ መጣ። ፀጉሩ ሽበት የጀመረው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነበር። የልጁን ነገር ነገርሁት። እሱ ግን ስለ መሣሪያው ጀመረ።

"እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጦሩ ሬድዮ መገናኛ ላይ ነው። ስለ ሬድዮ ሽሽታ ልታስተምሪኝ አትችይም። ያ ዕቃ ቻናል ያልያዘ ሬድዮ ነው።"

"እንግዲያው ያምጡትና ቻናሉን ላስይዝልዎ" አልሁ። ምላሴ አያርፍም፤ እናቴም በዚህ ትቆጣኝ ነበር።

ትንሽ አየኝና አስመጣው። ሁለት ወታደሮች ተከትለውት ገቡ። ሴትዮዋ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ወደ ጥግ ሸሸች።

"ወንዶች ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ" አልሁ። "አለበለዚያ አልነካውም።"

ወታደሮቹ አለቃቸውን አዩ። እሱ ራሱ ቀድሞ ዞረ፤ እነሱም ዞሩ። በነጠላዬ ከልዬ፣ ከቦርሳዋ ባወጣችው ቫዝሊን ሆዷን ቀብቼ መሣሪያውን አሳረፍሁ። ሽሽሽ አለ። ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ዘወር አደረግሁት።

ዷ... ዷ... ዷ...

መጋዘኑን ሞላው። ከማዶ አንድ ሰው "ያ ረቢ!" አለ። እሷ አፏን በሻርፗ ያዘች። የልጇን ልብ ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

"የራሷ ልብ አይደለም?" አለ አለቃው፣ ሳይዞር። የዋዛ ሰው አይደለም፤ የሚጠየቀውን ያውቃል።

"አይደለም። የእሷን ምት በእጄ ይዤዋለሁ። ስቆጥርልዎ ያወዳድሩ።" በእሷ ምት ልክ "ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው" አልሁ። ሁለቱ አልገጠሙም። ጀርባው ላይ ያየሁት ነገር የለም፤ እየሰማ እንደሆነ ግን ገባኝ።

"ለምን ዝግ አለ?"

"እየደከመ ነው። አሁን በመኪና ከሄደች ሊተርፍ ይችላል።"

ቀጥሎ "ባሏ ያለበትን ትናገር፤ መኪናው ይነሳል" አለ።

"ወላሂ አላውቅም" አለች። እያለቀሰች አልነበረም። "ወላሂ፣ ባውቅ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንኳ አላውቅም።"

"አጥፊው" አለኝ።

አላጠፋሁም።

"አጥፊው አልኩሽ።"

"እርስዎ እስኪወስኑ ይስሙት።"

ይመታኛል ብዬ አንገቴን ሰበርሁ፤ እጄን ግን ከሆዷ ላይ አላነሳሁም። በዚያው ወፍጮው ከምሳ ተመልሶ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ማዶ ያሉት ሁሉ አሁንም ዝም እንዳሉ ነው፤ ይሰማሉ። ዷ... ዷ... በየመሀሉ ያለው ክፍተት በሰፋ ቁጥር የአለቃው ትከሻ ወደ ላይ ይሰበሰባል።

በሩን ገፍቶ ወጣ። ከዚያ የፒካፑ ሞተር ሲነሳ ሰማን።

አብሬያት ልሂድ ብል "አንቺ እዚሁ" አሉኝ። ደግፈው ሲያወጧት ዞራ አየችኝ፤ አባ ከማዶ "ማርያም ትቅደምልሽ" አሏት፤ እሷም "አሚን" አለች። አለቃው ተመልሶ ዶፕለሩን ከእጄ ወሰደ።

"ድምፅ ያስተላልፋል አላልኩም?" አለ። "ከግድግዳ ማዶ ድረስ ተሰማ።" የምሩን ነው።

በዚያው ጦስ ታስሬ ወራት ሰነበትሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው፤ ግን አልጸጸተኝም፤ አሁንም አይጸጽተኝም። ዶፕለሩ አልተመለሰልኝም። ጤና ጣቢያ ተመልሼ በእንጨቱ ቀንድ እሠራለሁ። ቀንድ ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚያሰማው፤ እናቶቹ ስለማይሰሙ ፊቴን ያነባሉ። ስለዚህ ፊቴን መጠበቅ ተምሬያለሁ። ይህን መማሬ ደስ አይለኝም።

እንደተፈታሁ የሄድሁት ደባርቅ ገበያ፣ ሱቋ ነው። ብቻዋን ጨርቅ ትለካለች። ባሏ አልተመለሰም። ከነበረችበት ተነስታ አቀፈችኝ፤ ልጅ በጀርባዋ እንደሌለ አየሁ፤ ልጠይቃት አፌ አልደፈረም። ራሷ ነገረችኝ። በዚያው ቀን በኦፕራሲዮን ወለደች። ወንድ ነበር። ስም የሚወጣበት ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ አላህ ወሰደው።

ሻይ አስመጣችልኝ። ሁለታችንም አልጠጣነውም።

"ልቡን እኮ ሰምቼዋለሁ" አለች። "ግን አንዳንድ ቀን ይጠፋብኛል። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እንዴት ነበር?"

በጣቴ የጨርቅ መለኪያውን ጠረጴዛ መታሁላት። ፈጠን አድርጌ፣ ጤነኛ ልጅ እንደሚመታው።

እጇን እጄ ላይ አደረገችና አስቆመችኝ።

"አይ ሲስተር" አለች። "እንደዚህ አልሮጠም።" በራሷ ጣት፣ ቀስ ብላ፣ በየመሀሉ እየቆየች መታችው።

"አዎ" አልኳት። "እንዲህ ነበር።"