ልብስ ሰፊዋና የሚያጓራው ወለል

ልብስ ሰፊዋን የቤት ሰው ሁሉ «ነጎድጓዴ» ይላት ነበር። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ያደጉት የእንጨት ወለል ባለው አሮጌ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የእሷ መኝታ ክፍል ሌላ ሰው እምብዛም በማይረግጠው ጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ነበር። ገና በልጅነቷ ከዚያ ወጥታ ወደ ሳሎን ስትመጣ ጣውላው ያጓራል፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ይንኳኳሉ፣ ከታች ያሉት ሽማግሌ ጎረቤት ደግሞ ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ይሄኔ ወንድሟ «ነጎድጓዴ መጣች፤ የተሰጣ ልብስ አስገቡ» ይላል። ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች፣ የጥርስ ሳቅ።

ጆሮ የሰማውን ገላ ያምናል። እያደገች ስትሄድ ስለ ራሷ የምታውቀው መስታወት ያሳያትን ሳይሆን ወለሉ የነገራትን ሆነ። በእግር ጣቷ ጫፍ መራመድ ለመደች። ሰው ቤት ስትሄድ ከመቀመጧ በፊት የወንበሩን እግር ታያለች። ስፌት ተምራ ሥራ ስትይዝም፣ የደንበኛን ወገብ በዓይኗ ገምታ የማትስት ሴት፣ የራሷን ቀሚስ ግን ሜትር ሳትይዝ ድንኳን አሳክላ ትቆርጠው ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ።

ዕድሜዋ ገፋ ካለ በኋላ አንድ ዝምተኛ ዳቦ ጋጋሪ አገባት። ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ ወለሉም ሲሚንቶ። በመጀመሪያው ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ እንደ ልማዷ በጣቷ ጫፍ ወደ ማድቤት ሄደች። ምንም አልተሰማም። ቆም ብላ ተረከዟን አሳረፈች። የተሰማው የነጠላ ጫማዋ ቀጭን ጠቅታ ብቻ ነው። ማድቤቱን እየደጋገመች ዞረችው።

«ምን ጠፋብሽ?» አላት ባሏ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምንም። እንዲሁ ቅልል ብሎኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አካሄዷ ተለወጠ፤ ወገቧም ቀና አለ። አንድ ቀን ስፌት ቤት ውስጥ ለቀጠን ያለችው ጨርቅ ቆራጭ ባልደረባዋ «ሳልከሳ አልቀረሁም» አለቻት።

ቆራጯ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «የሽርጥሽ ማሰሪያ የሚቋጠረው ያው የድሮው ቦታ ላይ ነው። ምኑን ከሳሽው?» አለችና፣ ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አውርዳ ወገቧን ለካቻት። አንብባ፣ እንደገና አነበበች። «ስሚ እንጂ፣ ይሄ እኮ የእኔው ልክ ነው። ቀሚስሽ ግን ለሁለታችን ይበቃል።»

አላመነችም። መለኪያ ክፍል ገብታ ራሷ ለካችው። ያው ነው።

እሑድ ከባሏ ጋር እናቷን ልትጠይቅ ወደ አሮጌው ፎቅ ሄደች። ወንድሟም ሸምበቆ ከመሰለች ልጁ ጋር መጥቶ ነበር። ምሳ ላይ እናቲቱ ብርድ ብርድ ስላላቸው የልጅ ልጃቸውን ከኋለኛው ክፍል ሻል እንድታመጣ ላኳት። ልጅቷ ኮሪደሩን ስትረግጥ ወለሉ አጓራ፣ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ወደ ኮሪደሩ ዞረ።

«ወለሉ ነው እንዴ?» አለ ወንድሟ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ።

«ወለሉ ነው እንጂ» አሉ እናታቸው። «ከሥሩ ያለው አግዳሚ አንተም ሆንክ እሷ ሳትወለዱ ነው የላላው። እኔ ስረግጠውም ያጓራል።»

«ታዲያ እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እየሳቅሽ የሚከፋሽ መች መሰለኝ፣ ልጄ። እኔ ደግሞ እሱን ስሰማ፣ ልጄ ቤቷ ገብታለች ብዬ ነበር የምተኛው። ካገባሽ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ንዴት ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች። የመጣው ግን ሳቅ ነው፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ወንድሟ ማጅራቱን አከከ።

«እንግዲህ ስሙን ለልጄ ላውርሳት?»

«እኔ ምን በወጣኝ!» አለች ልጅቷ ሻሉን ይዛ እየመጣች።

«ተዋት» አለች አክስቷ። «ስሙ የእኔ ነው፣ ለምጄዋለሁ።»

በሳምንቱ ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ፣ በሜትር ለክታ፣ ወገቡ ላይ ያዝ ያለ ቀሚስ ሰፋች። ባሏ ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ ከዳቦ ቤት ሲመለስ ለብሳው አገኛት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ዞር በይ እስቲ።»

ዞረች።

«እንዲህ ነበርሽ?»

«እንዲህ ነበርኩ» አለችው፣ ዱቄት በዱቄት የሆነውን እጁን ከአዲሱ ቀሚሷ እያራቀች። «መጀመሪያ ታጠብ።»