የተራራው ሽማግሌ ዘፈን

ያን ጊዜ አትላንታ ውስጥ የታማሚዎች ቫን እነዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ስጭንና ሳወርድ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን የማናግረው ሰው አልነበረኝም። ብቸኝነቱ ያስጠላኝ ነበር። ከዶራቪል ሰፈር ወደ ኩላሊት እጥበት ከማመላልሳቸው አንዱ ተራራ ላይ ያደጉ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዘፋኝ ናቸው። «አባባ» እላቸዋለሁ፣ ለምደውት አቤት ይላሉ።

እንደሚያወሩልኝ ከሆነ በድብቅ አረቄ አውጥተው ታስረዋል፣ ከሰርከስ ጋር አገር ለአገር ዞረዋል፣ አንዷን ሚስታቸውን ከራሷ ሠርግ ላይ ጠልፈዋል። ግማሹን አላመንኳቸውም፤ ግን ውሸትም ሲያምር ይደመጣል። ሲዘፍኑ ቀልድ የለም። ያለ መሣሪያ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ነው።

አንድ ቀን «የእናቴ ዘፈን አለ» አሉኝ። «ልጄ አልፈለገችውም። ሳልሞት ለሰው ልስጠው።»

«በስልኬ ሪከርድ ላድርገው?»

«ስልኩ ይዘፍነዋል?»

መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን አንድ ስንኝ ይሰጡኛል። እሱን በትክክል ሳልል ሌላ የለም። ሙሉውን ዝፈኑልኝ ብላቸውም እምቢ አሉ፤ «መጨረሻውን ካወቅክ መሃሉን ትቸኩልበታለህ» ይሉኛል። ትከሻዬ ሲነቃነቅ ደግሞ «አርፈህ ቁጭ በል፤ ያዘነችው እሷ ናት፣ አንተ አይደለህም» ይቆጡኛል። እሷ ማለት ዘፈኑ ውስጥ ያለችው፣ ፍቅረኛዋን ፍለጋ የወጣች ልጅ ናት። እኔም ሆነ ብዬ በረጅሙ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ስምሪት የሚሰጠን ያገሬ ልጅ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ሌት አደረግክ፣ አረፈድክ?» ሲለኝ «ትራፊክ ነው» እለዋለሁ። ከሰው ጋር መሆን ናፍቆኝ እንደሆነ እንዴት ይነገራል?

አንድ ጠዋት ልወስዳቸው ስሄድ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ማረፋቸውን ነገረችኝ። «ዘፈኑን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ፤ ቀብሩ ላይ ዝፈንላቸው» አለችኝ።

ከተራራ የመጡ ዘመዶቻቸው ፊት ቆሜ እንደ እሳቸው ዓይኔን ጨፍኜ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ዘፈንኩ። የዘፈኑ ልጅ ወንዙ ጋ ደረሰች፣ ጫማዋን አወለቀች። የተማርኩት እስከዚያ ነው።

በእኛ አገር አዝማሪ ዝም ሲል ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ይወረውርለታል፤ እሱም ተቀብሎ ይቀጥላል። ሳይታወቀኝ ዓይኔን ገልጬ ቀጣዩን ስንኝ የሚወረውርልኝ ሰው ጠበቅኩ። ልጃቸውን አየሁ፣ ሽማግሌዎቹን አየሁ። ያለቀ መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው «አሜን» አሉ። የዘፈኑ ልጅ ወንዙን ትሻገር አትሻገር የሚያውቅ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም።