አባቴ ያሰረልኝ ጣት

የቀኝ እጄ ቀለበት ጣት ዝናብ ሊመጣ ሲል ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ላንቴ መንደር ሙዝ ስንጭን መቆርጠም ጀመረ። ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የእርጥብ አፈርና የዓሣ ሽታ ይዞ መጣ፤ እኔም ዘለላውን አስቀምጬ ጣቴን ማሸት ያዝኩ። ጫኞቹ ሳቁብኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ዘነበ። ለዚህ ለዚህ እንኳ ይጠቅማል።

በረኛ ነበርኩ እኮ፤ እንዳትስቅ። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ በታችኛው ሊግ፣ አራት ዓመት ተጠባባቂ። ሌላው ተጫዋች ደከመ ተብሎ ይቀየራል፤ ተጠባባቂ በረኛ ግን ዋናው ካልተጎዳ ማን ያስገባዋል? ስለዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ወዳጅህ እንዲሰበር ትመኛለህ፤ ወዲያው ደግሞ ታፍራለህ። አራት ዓመት ተመኝቼ አራት ዓመት አፈርኩ።

አባቴ ከዶርዜ የወረደ ሸማኔ ነው። ለእሱ እጅ የተፈጠረው መወርወሪያ ለመወርወርና ለመቅለብ ነበር። "በጣቱ የሚበላ ሰው ጣቱን በኳስ ያስመታል?" ይለኝ ነበር፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ እግሩ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ መርገጫውን እየረገጠ። ኳስ መያዝን ግን ከእሱ የተማርኩ ይመስለኛል። መወርወሪያዋ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ጠቅ፣ ጠቅ እያለች ስታልፍ እያየሁ ነው ያደግሁት።

በመጨረሻ ዋናውን በረኛ ወባ ጣለው። ጨዋታው እሑድ ነበር። አንድ የላይኛው ሊግ አሰልጣኝ በረኛ ፍለጋ መጥቶ እንደሚያየን አሰልጣኛችን ሹክ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ይህ ካመለጠኝ ሌላ እንደማይመጣ አውቄዋለሁ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ግን አንድ ኳስ ጣቴን ወደ ኋላ አጠፈው። ለአሰልጣኛችን ትንፍሽ አላልኩም። ቤትም እጄን ደብቄ ገባሁ፤ አባቴ ግን የጣት ነገር አያመልጠውም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቸርች ስትሄድ እሱ ቀረ። ሳይታመም ሲቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"አምጣው" አለኝ።

ከሚሠራበት ጥጥ ክር መዘዘና የታመመውን ጣት ከጎረቤቱ ጋር አድርጎ ጠመጠመው። ሲያጠብቀው ጥርሴን ነከስኩ። አየኝና ትንሽ ላላ አደረገልኝ።

"ያዘህ?"

"ያዘኝ አባ።"

"በል ሂድ።"

ከእረፍት በኋላ ዝናብ ጣለ። የጥጥ ክር ውኃ ሲነካው ተሰብስቦ እንደሚጠብቅ የሸማኔ ልጅ ሊረሳ አይገባውም ነበር። ጓንቱ ውስጥ ጣቶቼ መጀመሪያ ተቃጠሉ፣ ቀጥሎ ደነዘዙ። ጓንቱን አውልቄ ክሩን በጥርሴ መበጠስ እችል ነበር። ዞር ስል ግን አባቴን አየሁት። መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከጎሉ ጀርባ ዝናብ ይመታዋል። እኔ ስጫወት ለማየት ሜዳ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። በእጁ ያሰረውን እሱ ፊት መበጠስ አቃተኝ።

ኳሷ ቀላል ነበረች፤ ከሩቅ የተመታች፣ ሕፃን የሚይዛት። እጄ ላይ አረፈች፤ እኔ ግን ማረፏ አልተሰማኝም። ሾልካ በእግሮቼ መሃል ገባች። ሰው ሲጮህ ያ አሰልጣኝ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ መኪናው ሲሄድ አየሁት። በዓመቱ መጨረሻ ክለቡም አሰናበተኝ። ጣቴ ተጣሞ ቀረ፤ ለኳስም አልሆነ፣ ለመወርወሪያም አልሆነ። አባቴን የሚተካው ሸማኔ በቤታችን እንደሌለ ለሁለታችንም ያኔ ገባን።

ስለ ክሩ ነግሬው አላውቅም።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያዳምጥ ነበር። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሽመናውን ትቶታል። አጠገቡ ስቀመጥ እጄን ተቀበለኝና የተጣመመውን ጣት በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ያኔ አሳዘንከኝና አላላሁት" አለ። "ጠበቅ አድርጌ ባስረው ኖሮ ኳሱ ባላመለጠህ።"

ስንት ዓመት ይዞት እንደኖረ እግዜር ይወቅ። እውነቱን ብነግረውም የሚያብስበት እንጂ የሚያሳርፈው አልነበረም።

"የለም አባ፣ ክሩ በደንብ ይዞኝ ነበር" አልኩት። "ኳሷን ያላየኋት እኔ ነኝ።"

አላመነኝም። ዝናቡ እስኪያባራ ጣቴን አልለቀቀውም።